ቀዩ መብራትና ማሪዜል

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ዛሬም ቀይ።

ሩዙን ጥጄ፣ ዶሮዎቹን ፈትቼ ገባሁና ሳጥኑን አየሁት። ብልጭ ድርግም ይላል። አረንጓዴ ከሆነ ኢንተርኔት አለ፣ ቀይ ከሆነ የለም። ሌላ የሚታወቅ ነገር የለውም። ከገና ወዲህ አረንጓዴ ሆኖ የዋለበት ቀን ትዝ ይለኛል? አይለኝም።

ማሪዜል ፀጉሯን አበጥራ፣ ስልኩን ጠርሙስ ላይ አስደግፋ ቁጭ ብላለች። ማክሰኞ የትምህርት ቀኗ ነው። መምህርት ኤሜሊታ ከኢሎኢሎ ከተማ በቪዲዮ የእጅ ቋንቋ ታስተምራታለች። የልጅ ልጄን በሁለት ዓመቷ የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። አሁን ዘጠኝ አልፏታል። በዚህ ደሴት ላይ በእጁ የሚያወራ አንድ ሰው የለም። እኔስ? እኔ «ብይ»፣ «ነይ»፣ «ተኚ»፣ «ተይ» እችላለሁ። ለውሻችንም የምነግረው ይህንኑ ነው።

ደወልኩ። ያ የኢንተርኔት ድርጅቱ የማስጠበቂያ ሙዚቃ... ኤዲያ! እሱን ስሰማ ሩዙ አረረ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳች።

«አጥፍተው ያብሩት አባት።»

አጠፋሁ። አበራሁ። ቀይ።

«እስቲ እንደገና ያጥፉት።»

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጀልባ ሞተር ሳጠፋና ሳበራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄ በማጥፋትና በማብራት የሚድን በሽታ አይደለም።»

«እባክዎ አይቆጡ።»

«አልተቆጣሁም፣ ድምፄ ነው!»

ጀልባ ላይ ሳለሁ የሞተሩን ውሎ በየቀኑ እጽፍ ነበር። ጡረታ ወጣሁ፣ ልማዱ ግን አልወጣም። አሁን የሳጥኑን ውሎ እጽፋለሁ። ማሪዜል እስኪመሽ ከስልኩ ፊት አልተነሳችም።

እሑድ፣ ሜይ 4

ከቅዳሴ በኋላ አበልጄ ሩፊኖ መጣ። የድርጅቱን ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ። ለዚህ ደሴት የድርጅቱ ወኪልም፣ ሽቦ ቀጣይም፣ ሁሉም ነገር እሱ ነው። ውሉን የፈረምነው እሱ ስላለ ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የመንደሩ ሰው በሙሉ። «ሩፊኖ ካለ ምን እንሆናለን?» ተብሎ።

ልጄን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። የማሪዜልን እናት። ያረፈች ጊዜም ከፊት ሆኖ የተሸከማት እሱ ነው። እንዲህ ያለን ሰው ምን ትለዋለህ?

የሽቦው ፖል ላይ ወጣ። ጉልበቱን ያመዋል፣ ሲወርድ በየደረጃው «ወይ አንቺ እናቴ» ይላል። አረንጓዴ ሆነ። ማሪዜል እጇን አጨበጨበች። ሩፊኖ ደስ አለው፣ ከባልዲው ሁለት ሸርጣን አውጥቶ ሰጣት። እሱ ዕቃውን ሲሰበስብ መብራቱ ቀይ ሆነ።

ምን አደረግኩ? ሄጄ ከሳጥኑ ፊት ቆምኩ። እንዳያየው።

«ሠራ አይደል አበልጄ?»

«እንደ ሰዓት! እግዜር ይስጥልኝ።»

ማሪዜል መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ ከጀርባዬ ያለውን። ምንም አላለችም... በምን ትበል?

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ከድርጅቱ መልእክት መጣ። «ውድ ደንበኛችን፣ ችግርዎ ተፈቷል። በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» ቀይ። አበስኩ ገበርኩ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 13

ትምህርቱ ተጀመረ። እሰይ! አልኩ። ከዚያ የመምህርቷ እጅ አየር ላይ ደረቀ። አፏ ተከፍቶ፣ አንድ ጣቷ ቀና ብሎ ቀረ። የምትለውን ጀምራዋለች፣ አልጨረሰችውም። ማሪዜል ስልኩን በጥፍሯ ኳ ኳ አደረገችው። ሁልጊዜ እንዲያ ታደርጋለች። ምስሉ ሲደርቅባት መስኮት እንደምታንኳኳ ታንኳኳለች። አልተከፈተም።

በኋላ መምህርት ኤሜሊታ በድምፅ ደወለችልኝ። ትልቅ ነገር ነው የነገረችኝ፣ ልጻፈው። ኢሎኢሎ ያለው መስማት የተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ጥቂት አዲስ ልጆች ይቀበላል። ፈተናው በቪዲዮ ነው። ሜይ 28፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ርእሰ መምህሯ ራሷ ታያታለች።

«ባይሳካላትስ? ለከርሞ?» አልኳት።

«አሥር ዓመት የሞላው ጀማሪ አይቀበሉም፣ ጋሽ ኤልፒዲዮ። ማሪዜል ደግሞ ኖቬምበር ላይ አሥር ይሞላታል።»

«ከተማ ይዣት ብመጣስ?»

«የደሴት ልጆችን በሙሉ በዚያው ቀን ከያሉበት በቪዲዮ ብቻ ነው የሚያዩት። መስመሩን ብቻ አደራ!»

መስመሩን ብቻ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

እትዬ ፓሲታ ሱቅ ኮምጣጤ ልገዛ ገባሁ። ከመደርደሪያው በላይ የሕፃኑ ኢየሱስ ሐውልት አለ፣ ሁሌም የነበረ ነው። ዛሬ ግን ቀይ ካባው ተዘርግቶ መደርደሪያው ላይ ወርዷል። ከካባው ሥር የቢጫ ሳጥን ጠርዝና አረንጓዴ ብርሃን ይታያል። የማይጠፋ። ድርግም የማይል።

ዓይኔን ከብርሃኑ ላይ አላነሳሁም ነበር፣ እሷም አየችኝ።

«ሕፃኑን ካባው ከበደው መሰለኝ፣ ድጋፍ አደረግሽለት» አልኳት።

«አዎ... እርጅና ነው» አለች።

«ቢጫ ድጋፍ።»

«ኧረ ጋሽ ኤልፒዲዮ፣ በሕፃኑ ይሁንብዎ! ለሩፊኖ እንዳይነግሩብኝ። ልጄን ያጋባልኝ እሱ ነው። በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ለካ ቢጫዎቹ፣ ሌላው ድርጅት፣ ደሴቱ ከገቡ ቆይተዋል። የዓሣ ነጋዴው ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያን ጠባቂው ዘንድ በርሜል ውስጥ አለ። ሁሉም ብርቱካናማውን ሳጥን ከፊት አስቀምጧል፣ ቢጫውን ከኋላ ደብቋል። ሩፊኖ ሲያልፍ ካባ ይወርዳል፣ በርሜል ይከደናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

እኔስ? ልቀይር? የእኔ ውል እንደሆነ ካለቀ ቆይቷል። የያዘኝ ውል አይደለም። ይሉኝታ ነው የያዘኝ።

ሰኞ፣ ሜይ 19

ደወልኩ። ዛሬ ያነሳው የሆነ ጎረምሳ ነው። አጥፍቼ አበራሁለት።

«አባት፣ ምስሉ ካስቸገረዎ በድምፅ ብቻ ይደውሉ። ድምፅ ብዙ መስመር አይፈልግም።»

«ልጅቷ አትሰማም ብዬሃለሁ እኮ።»

«ይገባኛል። የድምፁን መጠን ከፍ አድርገው ይሞክሩት።»

ዘጋሁት። ሳጥኑን ስሰድበው ዋልኩ። አንተ ቀላል፣ አንተ ዓይንህ የቀላ! አልኩት። ማሪዜል ጥግ ላይ ተቀምጣ አፌን ታያለች።

ዓርብ፣ ሜይ 23

ለሩፊኖ ልነግረው ወስኜ ሄድኩ። ባሕሩ ዳር መረቡን እየጠገነ ነበር። የኮኮናት ጠጅ ቀዳልኝ።

«አበልጄ» አልኩት።

«አቤት።»

«አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።»

እጁን ከመረቡ ላይ አነሳና ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አየሁ... ፍርሃት ነው? ሸሚዙን አየሁት። አንገቱ ጋ ተቀዶ በራሱ እጅ ሰፍቶታል። ልጄን ተሸክሞ የሄደበት ትከሻ ታወሰኝ።

«ጠጁ ግሩም ነው» አልኩት።

«እሱን ነው?»

«እሱን ነው።»

መረቡን መጠገኑን ቀጠለ።  ማሪዜልን ምን ልላት ነው? ለይሉኝታ ብዬ ትምህርትሽን ሸጥኩት?

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ! አላመንኩትም። ትምህርቱ ከነመጨረሻው ሄደ። ማሪዜል እጆቿ እንደ ወፍ... እኔ ምኑን አውቄ። ለነገ ነጭ ቀሚሷን ተኮስኩላት። ሩፊኖም መጥቶ ሽቦውን አየልኝ። «ነገ ከዚህ አልርቅም» አለ። ለሕፃኑ ኢየሱስ ሻማ አበራሁ፣ እዚሁ ቤት ያለው የእኔኛው፣ ከሥሩ ምንም ያልደበቀው።

ረቡዕ፣ ሜይ 28

በጣም መሽቷል። ቢሆንም ልጻፍ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ቀይ ሆነ። ልጅቷ ነጭ ለብሳ፣ ስልኩ ጠርሙሱን ተደግፎ፣ ቀይ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ እኔው ራሴ። ቀይ። ሩፊኖ እየሮጠ መጥቶ ፖሉ ላይ ወጣ፣ ጉልበቱንም ረስቶት። እኔ ከሥር ቆሜ ወደ ላይ እጮኻለሁ፣ እሱ ከላይ «ቆይ! ቆይ!» ይለኛል። ማሪዜል በሩ ላይ ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። የፓሲታ ሱቅ እዚያው ፊት ለፊት ነው። ብሄድ ሩፊኖ ከላይ ሆኖ ያየኛል። ፖል ላይ ሆኖ፣ ለእኔ ብሎ እየለፋ... እግሬ አልነቃነቅ አለ። ለሰው ፊት ብዬ የልጄን ልጅ ዕድሏን ላሳጣት ነው? አዎ፣ እዚያ ቆሜ እኮ ነበር።

ከዚያ ከላይ ጮኸ።

«አበልጄ! ምን ትጠብቃለህ? ፓሲታ ቤት ውሰዳት!»

«ፓሲታ ቤት ምን አለ?» አልኩት። አሁንም መዋሸቴ!

«ከሕፃኑ ካባ ሥር ያለው ነዋ! ፖል የምወጣው እኔ፣ ሽቦው አይታየኝም ብለህ ነው? ሩጥ!»

ልጅቷን በእጇ ይዤ ሮጥኩ። ፓሲታ ካባውን አነሳች። «ይቅር በለኝ» አለች፣ ለሐውልቱ ይሁን ለሩፊኖ እንጃ። ስልኩን የኮምጣጤ ጠርሙስ ላይ አስደገፍነው። አረንጓዴ። መምህርት ኤሜሊታ ታየች፣ ከጎኗ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ ርእሰ መምህሯ።

ማሪዜል ጀመረች። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዓሣ አጥማጆቹ፣ ሩዝ ገዢዎቹ፣ ያ ሰካራሙ ቤኒቶ ሳይቀር። ፓሲታ ሬዲዮኑን ዘጋች። አንዱ የታቀፈው ልጁ እንዳያለቅስ አፉን ያዘው። ለማን ነው ዝም የምትሉት? ልል ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ዓይኔን ጭጋግ ነገር ሸፈነው።

ምስሉ አንድ ጊዜ እንኳን አልደረቀም። መምህርት ኤሜሊታ ጥያቄውን በእጇም በአፏም ስለምትለው ጥያቄው ይገባኛል፣ መልሱ ነው የማይገባኝ። «ቤትሽ ውስጥ ማን አለ?» አለቻት። ማሪዜል ሁለት ጣቷን አጥፋ አነሳች። እሱ እኔ ነኝ፣ ይሄን አውቃለሁ። የሞተሩ ቀበቶ ሁለት ጣቴን አጣሞብኛል፣ በሱ ነው የምትጠራኝ። ከዚያ አየር ላይ አራት ማዕዘን ሣለች። ቀጥሎ መዳፏን እንደ አፍ ከፈት ከደን፣ ከፈት ከደን አደረገች፣ ረጅም ጊዜ፣ ወደዚያ ወደ ሣለችው። በመጨረሻ ደረቷን ነካች፣ መዳፏንም ዘጋች። አልከፈተችውም።

ሽበታሟ ሴትዮ የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

ሲያልቅ «ስለ እኔ ምን አለች?» አልኩ።

«ራሷን ይጠይቋት፣ ጋሽ ኤልፒዲዮ።»

«በምን ልጠይቃት?»

 ሰዉ አጨበጨበ፣ ማሪዜል ዞር ብላ እጆቻቸውን አየችና ሳቀች።

ሐሙስ፣ ሜይ 29

ሩፊኖ መጣ። ሸሚዙን አልለበሰም፣ ተጣጥፎ በክንዱ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አልኩት።

«የመጀመሪያው ቢጫ ሽቦ ከተዘረጋበት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ይህን ሥራ ካቆምኩት እኮ ቆይቻለሁ፣ በልቤ። ሲደወል የማያናግሩት እናንተን ብቻ መሰላችሁ? እኔንም ያንኑ ሙዚቃ ነው የሚያሰሙኝ። ዕቃ አምጡ እላለሁ፣ ዝም። ልተወው እልና... ሰዉ በእኔ ቃል ፈረመ፣ አበልጄ በእኔ ቃል ፈረመ። ጥያቸው ልሂድ?»

«እኔ ለአንተ ብዬ ነው የቆየሁት!»

«እኔስ ለማን ብዬ ፖል ላይ የምንጠላጠል መሰለህ፣ በዚህ ጉልበቴ?»

መሳቅ ጀመርን። ከዚያ ሳቁ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱም። ሁለት ሽማግሌ ደጃፍ ላይ! የልጄን ስም አነሳና «እሷ ብታየን ምን ትለን ነበር?» አለ።

ሰኞ፣ ጁን 2

አገልግሎቱን ላቋርጥ ደወልኩ። ዛሬ ሙዚቃ የለም፣ ወዲያው አነሱ! ለካ ማንሳት ይችሉበታል። «ለምን ሊለዩን ፈለጉ? ምን አጎደልንብዎ?» አለች፣ ለስላሳ ድምፅ። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። «ልጅቷ በእጇ ነው የምታወራው፣ እናንተ ደግሞ እጅ ታደርቃላችሁ» አልኳት። ገባት አልገባት እንጃ። ሳጥኑን ራሴ ከግድግዳው ነቀልኩት።

ከሰዓት ቢጫዎቹ መጡ። ሩፊኖ ወንበር ይዞ ከፖሉ ሥር ተቀምጦ «አጥብቀው! እንዲህ አይታሰርም! ማነው ያስተማረህ?» ሲላቸው ዋለ። ፓሲታም የሕፃኑን ካባ ወደ ትከሻው መልሳለች።

ማታ አረንጓዴ ነው። ስልኩ ጮኸ። ኤሜሊታ ናት። ተቀብለዋታል።

ሐሙስ፣ ጁን 5

አስተምሪኝ አልኳት። በምን? ደረቴን ነካሁ፣ እጆቼን አነሳሁ፣ ለመንኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ፣ የማፌዝባት መስሏት።

«ውሃ»፣ «ጀልባ»፣ «እናት»። ጣቶቼ ይንተባተባሉ። ትስቃለች። የእኔን ጣት በራሷ ጣት እያጠፈች ታስተካክላለች፣ የማይታጠፈውን ትተወዋለች።

ከዚያ ጠየቅኳት። በዚያን ቀን ያደረገችውን ራሱን መልሼ አሳየኋት፣ አራት ማዕዘኑን፣ የሚከፈት የሚከደነውን መዳፍ። ምንድነው? አልኳት።

ወደ ግድግዳው ሄደች። አሮጌው ሳጥን የነበረበት ቦታ፣ ምልክቱ ቀርቷል። እጇን አሳረፈችበት፣ ወደኔ አመለከተች። መዳፏን ከፈት ከደን፣ ከፈት ከደን። ከዚያ ደረቷን። ዝግ።

ገባኝ። «አያቴ ከሳጥኑ ጋር ያወራል። ከእኔ ጋር አያወራም።»

ይሄን ነው ለርእሰ መምህሯ የነገረችው። በሰው ሁሉ ፊት። እውነቷን ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ ነበር አፌን ወደዚያ አዙሬ የምጮኸው። ነገር በዓይን ይገባል ይሉ የለ? ለእሷ ሌላ መግቢያም የለውም። አልሄድኩም፣ አልሸሸሁም፣ እዚያው ተቀምጬ «እንደገና» የሚለውን ምልክት አሳየኋት። እስኪመሽ አስተማረችኝ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ሸኘኋት። ሩፊኖ በጀልባው አሻገረን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆች በእጃቸው ይንጫጫሉ፣ ግቢው ግን ጸጥ ያለ ነው። ዘላ ገባችበት። አንዴ ዞር አለች፣ ሁለት ጣቷን አጥፋ አነሳች።

እኔም እጄን አነሳሁ። ስሟን በእጄ መጥራት ቀድሜ መማር ነበረብኝ።

እሑድ፣ ጁን 22

አረንጓዴ። ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ። የሚያየው የለም እንጂ።

እሑድ፣ ኦገስት 3

ከቅዳሴ በኋላ የእሷ ሰዓት ነው። ሩዝ አልጣድኩም፣ እጄ ሥራ እንዳይዝ። ስልኩን ጠርሙሱ ላይ አስደገፍኩ፣ ፀጉሬን አበጠርኩ።

መጣች። አደገች! ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ የወለቀ ጥርሷ ሳይቀር ይታያል። ከኋላዋ የመኝታ ክፍሏ ልጆች ተደርድረዋል። አንድ ነገር አለቻቸው፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሁለት ጣታቸውን አጥፈው አነሱልኝ። ማንም የማያውቀኝ ከተማ ውስጥ ስም አለኝ ማለት ነው። አንገቴን ደፍቼ ሳቅኩ።

ብዙ ነገረችኝ። የኑድል ሾርባ ቀምሳለች። አንዷ ጓደኛዋ ታንኮራፋለች፣ ግን ማንም ስለማይሰማት ማንም አልነገራትም። በአልጋው መንቀጥቀጥ ነው ያወቁት። እኔም ነገርኳት፣ ቀስ እያልኩ። ውሻው። ሩፊኖ። ሩፊኖ ትልቅ ዓሣ ያዘ፣ እንዲህ የሚያህል። «ትዋሻለህ» አለችኝ። ገባኝ! ሳላስበው ገባኝ።

ከዚያ ጠየቀችኝ።

«አያቴ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ?»

እጄን አነሳሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። ምልክቱንም አውቀዋለሁ፣ ራሷ ናት ያስተማረችኝ። እጄ ግን እዚያው አየር ላይ ቀረ። የእሷን አልጋ አየሁ፣ አንሶላውን እስካሁን አላነሳሁትም።  ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፣ ደህናዎቹም ጠማሞቹም።

ጠበቀችኝ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፣ ወደ ስልኩ ተጠጋች፣ በጥፍሯ ኳ ኳ አደረገችው።

«ተቋረጠ?» አለች። አራት ማዕዘኑን ሣለች። «ቀይ ነው?»

ቀና ብዬ ሳጥኑን አየሁ። አረንጓዴ ነው። የደረቅኩት እኔ ነኝ።

ድጋሚ አንኳኳች። ዓይኗ እንባ ሊያመጣ ነው፣ አውቃታለሁ፣ ያኔም ቀይ ሲሆን እንዲህ ነበረች። እንደምንም እጄን አነቃነቅኩት።

«አልተቋረጠም» አልኳት። «አለሁ።»